ጠዋቱን ማትረፍ፦ በአሜሪካ የቴአትር ድኅረ ምረቃ ተማሪና ረዳት መምህር ለሚሆን ሰው

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በቴአትር ትምህርት ክፍል ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት የሚማር ሰው፣ ዕድል ከቀናው፣ የትምህርቱን ዋጋ የሚከፍለው በገንዘብ ሳይሆን በጉልበቱ ነው። ተማሪዎቹ በአጭሩ «ቲኤ» የሚሉት ረዳት መምህር ሆኖ ያስተምራል፤ በምትኩ የትምህርት ክፍያው ይነሣለታል፣ በየወሩም መጠነኛ ገንዘብ ይከፈለዋል። ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ችግሩ የቴአትር ተማሪ ውሎ እንደ ታሪክ ወይም እንደ ሒሳብ ተማሪ አለመሆኑ ነው፤ ቀኑን ክፍልና ተማሪ ይወስዱታል፣ ምሽቱን ልምምድ ይወስደዋል፣ ለራስ ንባብና ጽሑፍ የሚተርፈው ጠዋቱ ብቻ ነው። ጠዋቱን ያላስከበረ ሰው ጥሩ አስተማሪና ጥሩ የመድረክ ሰው ሆኖ ሳለ የመመረቂያ ጽሑፉን ሳይጨርስ ሊቀር እንደሚችል ስላየሁ፣ ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ በዚያው ዙሪያ ይሽከረከራል።

ነገሩ የሚጀምረው ከቅጥር ደብዳቤው ነው። ብዙ ሰው የቪዛው ደስታ ስለሚይዘው ደብዳቤውን በቅጡ ሳያነብ ይፈርማል። «ሃምሳ ከመቶ ቅጥር» የሚል ካለበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። በኤፍ 1 ቪዛ የሚማር ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ ሕጉ ስለማይፈቅድ፣ ረዳት መምህርነቱ ሃያውን ሰዓት ከሞላ በአልባሳት ክፍልም ሆነ በትኬት መሸጫው ሌላ የሚከፈልበት ሥራ መያዝ አይቻልም፤ «ትንሽ ሰዓት ነው፣ ማንም አያይም» የሚል ባልደረባ ቢገጥምዎ አይስሙት፣ የሚበላሸው የእርሱ ቪዛ አይደለምና። ቀጥሎ ክፍያው የስንት ወር እንደሆነ ይመልከቱ። የተለመደው የ9 ወር ቅጥር ስለሆነ የእነርሱ በጋ፣ ማለትም የእኛ ክረምት፣ ያለ ደመወዝ ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ በእኩል ለመኖር የፈለገ ሰው ከመጀመሪያው ክፍያ ጀምሮ ሩቡን ማስቀመጥ አለበት። የትምህርት ክፍያ ተነሣ ማለት ሁሉም ተነሣ ማለት እንዳልሆነም ይወቁ፤ የአገልግሎት ክፍያዎችና የጤና መድን ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ስለሚታዩ፣ ምን ያህሉ በእርስዎ ላይ እንደሚወድቅ በኢሜይል ጠይቀው መልሱን ያስቀምጡ። ለሠራተኛ ማኅበር ወይም ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቤት ማለት ቢያስፈልግ የሚያገለግልዎ ያ የተጻፈ መልስ ነው።

እንደ ደረሱ ሁለት ወረቀቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንደኛው እኛ ኮርስ አውትላይን የምንለው፣ እነርሱ ሲላበስ የሚሉት፣ የሚያስተምሩት ኮርስ ዕቅድ ነው፤ ሁለተኛው የትምህርት ክፍሉ የዓመቱ የትርዒት መርሐ ግብር ነው። በሁለተኛው ላይ «ቴክ» የሚባለውን ሳምንት ይፈልጉ፤ መብራቱ፣ ድምፁ፣ አልባሳቱና የመድረክ ግንባታው ከተዋንያኑ ጋር የሚዋሐዱበት፣ ሰው ከጨለማ አዳራሽ እስከ እኩለ ሌሊት የማይወጣበት ሳምንት ነው። ከዚያ የተማሪዎች ጽሑፍ የሚገባበትን ቀን ይመልከቱ። እኔ በመጀመሪያው ሴሚስተር ይህን ስላላደረግሁ ሐሙስ ዕለት 50 ጽሑፍ ተረከብሁ፣ ዓርብ ቴክ ገባሁ፤ ከአዳራሹ ጀርባ ተቀምጬ በስልኬ መብራት አረምሁ፤ አስተያየቴ አይነበብም፣ ነጥቡም ወጥ አልነበረም። ሦስት ተማሪዎች ቅሬታ አቀረቡ፣ ሦስቱም ልክ ነበሩ። ኮርሱን የያዙት ፕሮፌሰር በመጀመሪያው ሳምንት ቢጠየቁ ቀኑን በአንድ ሳምንት ለማሸሽ ምንም አይከብዳቸውም ነበር፤ በስድስተኛው ሳምንት ግን ማንም ሊረዳኝ አልቻለም። (መርሐ ግብሩን ሲያነቡ «ሰባት ሰዓት ልምምድ» ማለት የእኛ የምሽቱ 1 ሰዓት መሆኑን አይርሱ። ማንም ይህን አይሳሳትም ይባላል፤ እኔ ተሳስቼ አውቃለሁ።)

ስለ አጠራር አንድ ነገር ልበል። አማካሪዎ በስማቸው ብቻ እንዲጠሯቸው ይነግሩዎታል፤ «አንቱ» ሲል ላደገ ሰው ይህ ከሼክስፒር ንባብ ይልቅ ይከብዳል። እነርሱ እስኪናገሩ ድረስ «ፕሮፌሰር» ብሎ ከአባት ስም ጋር መጻፍ ነውር የለውም፤ ከተናገሩ በኋላ ግን በማዕረጉ መጽናት መራቅ ይመስላል። በተቃራኒው የእርስዎ ተማሪዎች የአባትዎን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው በእርሱ ይጠሩዎታል። በመጀመሪያው ቀን ስምዎን በሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ አነባበቡን አስተምረው፣ የትኛው የእርስዎ የትኛው የአባትዎ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሯቸው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይቀላል። ስለ እንግሊዝኛ አነጋገርዎ ከመጠን በላይ አይጨነቁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ረዳት መምህራንን የንግግር ችሎታ ይፈትናሉ፤ ያንን ካለፉ ቀሪው በዝግታ መናገርና ዋና ዋና ቃላትን በሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። የመድረክ ሰው ድምፁን እስከ ኋለኛው ወንበር ማድረስ ያውቃል፤ ይህን ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጡት ባልደረቦችዎ አያውቁትም።

ብዙውን ጊዜ የሚሰጥዎ ኮርስ «የቴአትር መግቢያ» ነው። ተማሪዎቹ የምሕንድስና፣ የንግድ ሥራ፣ የነርስነት ተማሪዎች ናቸው፤ የመጡት አንድ የሥነ ጥበብ ኮርስ መውሰድ ግዴታ ስለሆነባቸው ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ በሕይወቱ አንድም ቴአትር በመድረክ ላይ ያላየ አይጠፋም። ይህን እንደ ንቀት አይውሰዱት። በእኔ ግምት ከዋናው የቴአትር ተማሪ ይልቅ ለማስተማር የሚያስደስተው ይህ ተማሪ ነው፣ ገና አስመስሎ መናገር አልለመደምና። ትርዒት አይቶ ሲመጣ «ወደድኸው?» ብለው አይጀምሩ፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ይሆንና ውይይቱ እዚያው ይሞታል። «መጋረጃው ሲከፈት መጀመሪያ ያየኸው ምንድን ነው? ከየት በኩል ብርሃን መጣ? ማን ለማን ጀርባውን ሰጠ?» ብለው ይጠይቁ። ያየውን መናገር የቻለ ተማሪ ትርጓሜውን ራሱ ያመጣዋል።

ከቃል በታች ስላለው ሐሳብ ለማስተማር ስቸገር የረዳኝ ሰምና ወርቅ ነው። አንድ አጭር ቅኔ በአማርኛ አነበብሁላቸው፣ ሰሙን ተረጎምሁ፣ ከዚያ ወርቁን ከፈትሁ፤ ተዋናይ የሚናገረው ሰሙን፣ የሚጫወተው ግን ወርቁን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። የራስዎን ዕቃ ይዘው መግባትዎ ኮርሱን አያዛባውም። ሆኖም ፕሮፌሰሩን አስቀድመው ያማክሩ፤ ኮርሱ የእርሳቸው ነው፣ እርስዎ ረዳት ነዎት።

አሁን ወደ እርማቱ እንምጣ፣ ጠዋቱን የሚበላው እርሱ ነውና። ሁለት የውይይት ክፍል፣ በእያንዳንዱ 25 ተማሪ፣ በድምሩ 50 ጽሑፍ አለዎት እንበል። ለአንዱ 15 ደቂቃ ቢሰጡ 12 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ይህ የሳምንቱን የ20 ሰዓት ሥራ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ወደ 10 ደቂቃ ካወረዱት 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ አንድ ሙሉ ጠዋት ነው። ወደ 10 ደቂቃ የሚያደርሰው ፍጥነት ሳይሆን ዝግጅት ነው፦ ጽሑፉ ከመሰጠቱ በፊት የነጥብ አሰጣጡን መስፈርት ከፕሮፌሰሩ ጋር በጽሑፍ ያውጡ፣ ለተማሪዎቹም ያሳዩ፤ መጀመሪያ አምስት ጽሑፎችን ነጥብ ሳይሰጡ ያንብቡ፣ የክፍሉ ደረጃ የት እንዳለ ያውቃሉ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ የሠመረ ነገርና አንድ መታረም ያለበት ነገር ብቻ ይጻፉ። እያንዳንዱን የሰዋስው ስሕተት ማቅናት ለተማሪው የሚጠቅም ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን በቀይ የተሞላ ገጽ የደረሰው ተማሪ ነጥቡን አይቶ ወረቀቱን ከማጠፍ ሌላ የሚያደርገው ነገር አላየሁም። ሰዓትዎንም ይመዝግቡ። ከ20 በላይ የሚሆንባቸው ሳምንታት ከተደጋገሙ መዝገቡን ይዘው ፕሮፌሰሩን በጨዋ አነጋገር ያነጋግሩ፤ «ደክሞኛል» ከማለት ይልቅ «ባለፉት ሦስት ሳምንታት 26፣ 24፣ 27 ሰዓት ሠርቻለሁ፣ የትኛውን ልተው?» ማለት መልስ ያስገኛል። የረዳት መምህራን ማኅበር ካለም ደንቡን ያንብቡ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማዲሰን ያለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ነው፤ የሥራ ሰዓት ጥያቄ እንግዲህ የእርስዎ ስንፍና የወለደው አዲስ ነገር አይደለም።

የትወና ኮርስ ከተሰጠዎ ሌላ ጥንቃቄ ይመጣል። የተማሪን ትከሻ ወይም ወገብ ይዞ አቋቋም ማስተካከል በእኛ ልምምድ ቤቶች የተለመደ ነው፤ እዚያ ግን ሳይጠይቁ አይነኩም፣ ጠይቀው «አይሆንም» ቢባሉም ምክንያት አይጠይቁም። በራስዎ ሰውነት ላይ ማሳየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ተማሪዎች በትወና ክፍል ውስጥ የግል ቁስላቸውን ሊያወጡ ይችላሉ፤ በብዙ ግቢዎች ረዳት መምህር ስለ ጾታዊ ጥቃት የሰማውን ለሚመለከተው ቢሮ የማሳወቅ ግዴታ ስላለበት፣ ምሥጢር እጠብቃለሁ ብለው ቃል ከመግባትዎ በፊት ይህንን ለተማሪው ይንገሩት። ወላጅ ደውሎ የልጁን ውጤት ቢጠይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያለው የተማሪዎች መረጃ ሕግ ያለ ተማሪው ፈቃድ እንዳይናገሩ ይከለክልዎታል፤ አባት ለልጁ ውጤት ባዕድ መሆኑ ለእኛ ሰው ጆሮ ይከብዳል፣ ሕጉ ግን ሕግ ነው።

አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ «ስለ አፍሪካ ቴአትር አንድ ክፍለ ጊዜ ብትወስድልኝ» ማለታቸው አይቀርም። በ75 ደቂቃ ውስጥ አህጉር ማስተማር አይቻልምና የሚያውቁትን አንድ አገር ይውሰዱ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. አካባቢ በእንስሳት ገጸ ባሕርያት የመንግሥትን ብልሹነት የነቀፈ ተውኔት ማሳየታቸውንና መታገዱን፣ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. መመሥረቱን፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው በ1948 ዓ.ም. መከፈቱን በካርታና በፎቶግራፍ ያሳዩ፤ ዓመተ ምሕረቱን ወደ እነርሱ አቆጣጠር መመለስን አይርሱ። ከዚያ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሱት ሼክስፒር አንድ ንግግር ጮክ ብለው ያንብቡ። ተማሪው በእንግሊዝኛ የሚያውቀውን ንግግር በማያውቀው ቋንቋ ሲሰማ ለዜማውና ለትንፋሹ ጆሮውን ይሰጣል፤ በእኔ ክፍል ከዚያ የበለጠ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ራስዎ ትምህርት ስንመለስ፣ ዶክትሬቱ የኮርስ ዓመታት፣ ከዚያ አጠቃላይ ፈተና፣ ከዚያ የጽሑፍ ዕቅድ፣ በመጨረሻም ጽሑፉ ነው። ኮርሱ ቀን አለው፣ ፈተናውም ቀን አለው፤ ጽሑፉ ግን ቀን የለውምና ማንም ሰው ከእርሱ ላይ ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለውን በቀን መቁጠሪያዎ ላይ እንደ ክፍል ይመዝግቡት፣ የቢሮ ሰዓትዎን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት፣ ኢሜይል ከ4 ሰዓት በፊት አይክፈቱ። የውጭ ቋንቋ ንባብ መስፈርት ካለ፣ ምርምርዎም ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያዝ ከሆነ፣ አማርኛ እንዲቆጠርልዎ አማካሪዎን በመጀመሪያው ዓመት ይጠይቁ፤ ሲፈቀድ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሊተርፍዎ ይችላል። በክረምት ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ከሆነ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትን በዕቅድዎ ውስጥ ያስገቡ። ኒው ዮርክ ለመሄድ ዕድል ካገኙም በሊንከን ሴንተር የሚገኘው የኪነ ትዕይንት ቤተ መጻሕፍት በቀጠሮ የተቀረጹ ትርዒቶችን ያሳያል፤ ለብሮድዌይ ትኬት ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም።

ምሽቱን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፦ በዓመት አንድ ትርዒት ይምረጡ፣ በእርሱም ጥሩ ሥራ ይሥሩ። ማዘጋጀትም ይሁን የተውኔት አማካሪነት፣ ስምዎ የሚጻፍበትና ለጽሑፍዎ የሚጠቅም ይሁን። ሁለተኛውን ሲለምኑዎ «በፀደይ ሴሚስተር አጠቃላይ ፈተና አለብኝ» ማለት በቂ ምክንያት ነው። ከመጨረሻው ትርዒት በኋላ መድረኩን ለማፍረስ ግን ይሂዱ፤ የማይሄድ ሰው ይታወሳል፣ አናጺዎቹም በሚቀጥለው ጊዜ ጠረጴዛ ሲለምኗቸው አይሰጡዎትም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የተማሪዎችን ምዘና፣ ያወጧቸውን የነጥብ መስፈርቶች፣ የትርዒቱን ፎቶግራፎችና ፕሮግራሙን በግል ማስቀመጫዎ ይገልብጡ፤ ከተመረቁ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ሊዘጋ ስለሚችል፣ ሥራ ሲያመለክቱ የሚጠየቁት ማስረጃ ሁሉ አብሮት እንዳይሄድ።