የኩላሊት ዕጢ ለምን ያድጋል? ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ደሴ ላይ ጎኑን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው፦ «ብርድ መቶህ ነው፣ ሞቅ አድርገህ ተኛ፣ አብሽር»። ብዙ ጊዜም የጡንቻ ህመም ወይም ጠጠር ሆኖ ያልፋል። ከዚህ በታች ያሉትን ግን በብርድ ማሳበብ አይገባም።

ምልክት፦ ሽንት ቀልቷል፣ ግን አያምም

ቀድሞ የሚጣራ ነገር አለ። ትናንት ቀይ ሥር በልታችኋል? የቲቢ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ነው? ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል። ይህ ከሌለ ወደ ምርመራ ነው። ማቃጠልና ትኩሳት ካለ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ጎን ይዞ ወደ ታች የሚወርድ ከባድ ቁርጠት ካለ ጠጠር ይሆናል። አደገኛው ምንም ሳያም የሚመጣው ደም ነው። አንድ ቀን ታይቶ ሳምንቱን ሙሉ ይጠፋል፤ ሰውም «ተሻለኝ» ይላል። ዕጢው ግን እዚያው ነው። እያደገ ወደ ሽንት መሰብሰቢያው ሲገባ ይደማል፣ ከዚያ ያቆማል።

መፍትሄው የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይም ሂዱ። ሽማግሌ አባቶች ደግሞ በይሉኝታ ስለ ሽንታቸው ለልጆቻቸው አያወሩም። «አባባ፣ ሽንትዎ ቀልቶ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ምክንያቱ፦ ሳይታፈን «ታፈንኩ» የሚል ህዋስ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ከ1,850 ሜትር አካባቢ ወደ 2,500 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። አየሩ ይሳሳል። ህዋሶቻችን ይህን የሚለዩበት ሂፍ የሚባል ፕሮቲን አላቸው። ሂፍ ሁልጊዜ ይመረታል። ኦክስጅን በቂ ሲሆን ቪኤችኤል የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይይዘውና እንዲፈርስ ምልክት ያደርግበታል። ኦክስጅን ሲያንስ አይይዘውም። ያኔ ሂፍ ይጠራቀምና ትእዛዝ ያስተላልፋል፦ ቀይ የደም ህዋስ ይጨመር፣ አዲስ የደም ሥር ይዘርጋ፣ ስኳር በብዛት ይግባ። ይህን አሠራር የፈቱት ዊሊያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ በ2019 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል።

ከኩላሊት ካንሰር ከመቶ ሰባ በላይ የሚሆነው ክሊር ሴል የሚባለው ዓይነት ነው። በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ውስጥ የቪኤችኤል ዘረ-መል ሁለቱም ቅጂ ከሥራ ውጭ ሆኗል። ስለዚህ ኦክስጅን ሞልቶለት ሳለ ህዋሱ «ታፈንኩ» እያለ ይኖራል። ሂፍ አይፈርስም። ሂፍ የሚያዘው ቪኢጂኤፍ የተባለው መልእክተኛ ዙሪያውን የደም ሥር ይጠራል፤ ዕጢውም በዚያ ይመገባል።

ቪኤችኤል ብቻውን መጥፋቱ አይበቃም። እሱ ባለበት የክሮሞዞም 3 (ዘረ-መሎች የተደረደሩበት አንዱ ክር) አጭር ክንድ ላይ ፒቢአርኤም1፣ ቢኤፒ1 እና ሴትዲ2 የተባሉ ጎረቤት ዘረ-መሎች አሉ፤ እነሱም ዕጢ የሚገቱ ናቸው። ክንዱ ሲቆረጥ የሁሉም አንድ ቅጂ አብሮ ይሄዳል። ቢኤፒ1 ጨርሶ የጠፋበት ዕጢ ብዙውን ጊዜ ይከፋል። በጣም የሚገርመኝ፣ ይህ ክንድ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ዕጢው ከመታየቱ አሥርተ ዓመታት በፊት፣ በልጅነት ወይም በወጣትነት መሆኑ ነው። ማጨስ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የደም ግፊት ደግሞ አደጋውን ይጨምራሉ።

ምልክት፦ የደም ምርመራው ሄሞግሎቢን 19 አለ

ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነው፤ 19 ከፍ ያለ ቁጥር ነው። «ደጋ ስለሆንን ነው» ብሎ ወረቀቱን ማጠፍ ይቀናል። ይህ አያስኬድም። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተጠንቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9 መሆኑን አሳይቷል። ደሴ ከዚያ በብዙ ታንሳለች።

ሲጋራ፣ የሳንባ በሽታና የውሃ እጥረት ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ። የመቅኒ በሽታም አለ። አንዳንዴ ግን ምክንያቱ ኩላሊት ላይ ነው፦ ሂፍ ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ያስመርታል፣ እሱም መቅኒውን «ቀይ ደም ጨምር» ይላል። በኩላሊት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ግን ይበልጥ የሚዘወተረው ተቃራኒው፣ ደም ማነስ ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ትክክል ነው ማለት ነፃ ነኝ ማለት አይደለም። መፍትሄው ምርመራውን መድገም፣ ካልወረደም ኩላሊትን በአልትራሳውንድ ማሳየት ነው።

ምልክት፦ ለሐሞት ጠጠር አልትራሳውንድ ተነስቶ ኩላሊት ላይ «እብጠት አለ» ተባለ

ዛሬ ብዙው የሚገኘው እንዲህ በአጋጣሚ ነው፤ ይህ ዕድል ነው። ውሃ የቋጠረ ቀላል ከረጢት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምንም አያስፈልገውም። ድፍን ከሆነ በመርፌ ቀለም እየተሰጠ የሚነሳ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ከ4 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ድፍን እብጠት ከአምስት አንዱ ገደማ ካንሰር አይደለም። ካንሰር ከሆነና ካልተሠራጨ ዋናው መፍትሄ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ትንሽ ከሆነ ዕጢው ብቻ ይወጣል፣ ኩላሊቱ ይተርፋል። አንድ ኩላሊት ቢወጣም በቀረው መኖር ይቻላል። «ትንሽ ቆይቼ» ማለት የራሱ አደጋ አለው። ክትትል ይበቃል የሚለውን ሐኪሙ ይወስን፣ ፍርሃታችን አይወስንልን።

ምልክት፦ ሳል ወይም የአጥንት ህመም መጣ፣ ዕጢው ተሠራጭቷል

ይህ ካንሰር ለተለመደው ኬሞ እምብዛም አይበገርም። ስለዚህ ከመድኃኒቶቹ ብዙዎቹ ያንኑ የሂፍና የቪኢጂኤፍ መንገድ ይዘጋሉ። እንደ ሱኒቲኒብ ያሉት ቪኢጂኤፍ የሚያንኳኳውን በር ይዘጋሉ። አንዳንዴ ዕጢው ሜት በተባለ ሌላ በር ይዞራል፤ ካቦዛንቲኒብ ሁለቱንም ይዘጋል። እንደ ኒቮሉማብ ያሉት የሰውነት መከላከያ ዕጢውን እንዲያጠቃ መንገድ ይከፍቱለታል። ቤልዙቲፋን ሂፍ 2 የተባለውን የሂፍ ዓይነት ራሱን ይይዛል፤ ለተሠራጨ የኩላሊት ካንሰር አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። የቱ እዚህ እንደሚገኝና ስንት እንደሚያወጣ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት።

መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ደግሞ አዲስ ችግር ይመጣል። የቪኢጂኤፍ መድኃኒት የደም ግፊት ይጨምራል፤ በየጊዜው ለኩት፣ ከፍ ካለ የግፊት መድኃኒት ይጨመራል። ቤልዙቲፋን ደም ያሳንሳል፤ ኤሪትሮፖይቲን የሚያስመርተው እሱ የያዘው ሂፍ 2 ነዋ። ድካም ሲብስ ክኒኑን በራስ አለማቆም፣ ደም ማስለካት ነው።

ምልክት፦ ታማሚው ወጣት ነው፣ ወይም ሁለቱም ኩላሊት ላይ ዕጢ አለ

ያኔ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የተበላሸው ቪኤችኤል በውርስ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ከወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የደም ሥር ዕጢ ዓይን ውስጥና አንጎል ላይም ያወጣል። ከዘመድ መሀል በወጣትነቱ ዓይኑ የጠፋ ወይም አንጎሉን የተቀደደ ካለ ለሐኪሙ ንገሩ። እህትና ወንድም ምንም ባይሰማቸውም ይመርመሩ፤ ከኩላሊት ሌላ የዓይን ሐኪምም ይያቸው።