ቲዩብ ስገጥም አፐርቸር አልዘጋ ያለኝ ነገር ተፈታ

ርካሽ ኤክስቴንሽን ቲዩብ (ትንንሽ ነገር አቅርቦ ለማንሳት በካሜራውና በሌንሱ መሃል የሚገባ ባዶ ቀለበት) ገዝታችሁ ፎቶው ሁሉ ጭጋግ የሚሆንባችሁ አብሽሩ፣ መላ አለው። ሐይቅ ዳር አደይ አበባ ላይ ያለች ንብ ሳነሳ አይኗ ጥርት ካለ ክንፏ የለም፣ ካሜራው ደሞ ኤፍ 00 (የአፐርቸሩን ቁጥር አላውቀውም ማለቱ ነው) እያለ ይቀልዳል። ነገሩ ቲዩቡ የኤሌክትሪክ መገናኛ የለውም፣ የካኖን ሌንስ ደግሞ ከካሜራው ትእዛዝ ካልደረሰው አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ) ክፍት አድርጎ ነው የሚቀመጠው፣ ክፍት ሲሆን ደግሞ ጥርት የሚለው ቦታ በጣም ቀጭን ነው።

እና ምን አደረግኩ፣ ሌንሱን መጀመሪያ ያለ ቲዩብ ካሜራው ላይ ገጥሜ ኤቪ ሞድ (አፐርቸሩን ራሳችሁ የምትመርጡበት) ላይ ኤፍ 11 (ጠበብ ያለ ቀዳዳ) አደረግኩት፣ ከዛ ካሜራው ላይ ከሌንሱ ስር ያለችውን የዴፕዝ ኦፍ ፊልድ በተን (ቀዳዳውን ወደመረጣችሁት ቁጥር የምታጠበውን) ተጭኜ እንደያዝኩ ሌንሱን ነቀልኩት፣ በቃ እንደጠበበ ቀረ! በፊት ለፊት ስታዩት ቀዳዳው ትንሽ መሆን አለበት። ከዛ ቲዩቡ ላይ መግጠም ነው። ከኤፍ 16 በላይ ግን አትሂዱ፣ ዲፍራክሽን (ብርሃኑ በጣም ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ መበተኑ) ጥራቱን ይበላዋል።

ቪውፋይንደሩ (በአይን የምናይበት ቀዳዳ) ይጨልማል፣ ላይቭ ቪው (የኋላውን ስክሪን) ተጠቀሙ። ብርሃን ስለሚያንስ ፍላሽ እጠቀማለሁ፣ ፊቱ ላይ ነጭ ወረቀት አድርጌ አለሳልሰዋለሁ። ፎከስ በቀለበቱ አይሞከርም፣ ካሜራውን ራሱን ቀስ እያላችሁ ወደፊት ወደኋላ ማድረግ ነው። በ50 ሚሜ ሌንስ ላይ 25 ሚሜ ቲዩብ ማጉላቱን በ0.5 (ከነገሩ እውነተኛ መጠን በግማሽ) ይጨምራል፣ ለንብ ይበቃል ባይ ነኝ።

የደሴ ሰዎች ደሞ ማለዳ ውጡ፣ በብርዱ ነፍሳቱ ደንዝዘው አይበሩም። ሌንስ ስትቀይሩ ካሜራውን ወደ መሬት ድፉት፣ አቧራው አይጣል ነው።