ከ40 በኋላም ጆይስቲክ ላለማስቀመጥ

ድሮ ሂርማታ አካባቢ አንዲት ጠባብ የፕሌይስቴሽን ቤት ነበረች። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኛ ውስጥ ነን። ሕጉ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል። እኔ ብዙ ጊዜ አልነሳም ነበር። በዊኒንግ ኢለቨን የእግር ኳስ ጌም፣ ኳስ ብራዚላዊው አጥቂ አድሪያኖ ግራ እግር ላይ ከገባች አለቀ።

አሁን 42 ዓመቴ ነው። እንጨት ሥራ ላይ ነው የምውለው። አምና የእህቴ ልጅ ቤት መጥቶ ኤፍሲ የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም ስንጫወት 5 ለ 0 ሸኘኝ። በማግስቱ 4 ለ 0። «ጋሼ፣ ኳሱ ከሄደ በኋላ እኮ ነው የምትነካው» አለኝ። ልክ ነው። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

እናንተም እንደኔ ከሆናችሁ፣ መጀመሪያ የቀነሰውን እንለይ። በ2014 እ.ኤ.አ. የካናዳ ተመራማሪዎች ከ16 እስከ 44 ዓመት የሆናቸውን 3,305 የስታርክራፍት 2 (የጦርነት ስልት ጌም ነው) ተጫዋቾች መርምረው ነበር። አይቶ ምላሽ የመስጠት ፍጥነት ከ24 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይቀንሳል። እኔን ያበረታኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ጠና ያሉት ተጫዋቾች ቀለል ያለ ስልት ይመርጣሉ፤ የጨዋታውን አቋራጮችም በደንብ ይጠቀማሉ። በዚህ የጎደላቸውን ያካክሳሉ።

ስለዚህ ከልጅ ጋር በፍጥነት አትፎካከሩ። እኔን የቀየረኝ መከላከል ነው። አጥቂ ሲመጣ አውራ ጣታችን የሚሮጠው ወደ ክቧ ቁልፍ ነው፤ ኳስ ለመንጠቅ። እሷን ተዉአት። ኤል 2 የምትባለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። ተከላካዩ ፊቱን ለኳሱ ሰጥቶ፣ ቀስ እያለ መንገድ ይዘጋል። አር 1ን ስትይዙ ደግሞ ሌላ ተጫዋች ሄዶ ኳስ የያዘውን ያስጨንቀዋል። ዓይናችሁ ኳሱ ሊሄድበት የሚችለው ክፍት ቦታ ላይ ይሁን።

የእህቴ ልጅ ወደ ውስጥ ሊቆርጥ ሲል ሩጫውን ለአፍታ ይገታል። ይህን ለማየት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁን እሱ ሲመጣ አውራ ጣቴን ከቁልፉ አንስቼ አየር ላይ አቆየዋለሁ። ገታ ሲያደርግ እኔ ቀድሜ መንገዱ ላይ ቆሜያለሁ። ኳሱ ራሱ እግሬ ሥር ይመጣል። ከአንድ ሰው ጋር ደጋግሞ መጫወት ጥቅሙ ይህ ነው፤ ጸባዩን ታውቁታላችሁ።

ቴሌቪዥናችሁንም እዩት። ሴቲንጉ ውስጥ ጌም ሞድ የሚል ካለ አብሩት። ቴሌቪዥኑ ምስል ለማሳመር የሚያጠፋው ጊዜ ስለሚቀንስ፣ ቁልፍ ስትጫኑና ተጫዋቹ ሲንቀሳቀስ ያለው ልዩነት ያጥራል። እኔ ለሁለት ዓመት ሳላበራው ኖሬያለሁ፤ በጣም ይቆጨኛል።

የዓይን ነገርም አለ። ከ40 በኋላ የቅርብ ጽሑፍ መደብዘዝ ይጀምራል። ስልክ ላይ መጫወት የሚያደክማችሁ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ስለሚችል ተመርመሩ። ጽሑፉንም ከሴቲንግ አተልቁት።

ሰዓትም ምረጡ። እኔ ማታ ከሥራ ስገባ እጄ መላጊያ ሲገፋ ውሎ ዝሏል፤ ያኔ ውድድር አልጀምርም። እሁድ ጠዋት ከአቦል በኋላ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ሦስት ጨዋታ፣ ከዚያ በቃ። አራተኛው ላይ ስህተቴ ይበዛል።

ምርጫችሁ ከተቀየረም አትታገሉት። ድሮ ተኩስ ያለበት ጌም ነፍሴ ነበር። ዛሬ ቀኑን ሙሉ የመጋዝ ጩኸት ሰምቼ ማታ ተኩስ መስማት አልፈልግም። ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለውን ሥልጣኔ የመገንባት ጌም የለመድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ተራ በተራ ስለሆነ ማንም አያጣድፈኝም፤ እኔ አስቤ እስክጨርስ ይጠብቀኛል። በየተራው ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ በዝናብ መሃል መብራት ቢጠፋም ብዙ አይጠፋብኝም። ኤፍሲ ላይም ብቻዬን ስሆን ካሪየር ሞድ እከፍትና ወጣት ተጫዋች እያሳደግኩ አመሻለሁ። በ20 ዓመቴ ይህን ትዕግሥት ከየት አመጣው ነበር?

ባለፈው እሁድ ከእህቴ ልጅ ጋር ተጫውተን 2 ለ 1 ተሸነፍኩ። በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ጨዋታውን አቁሞ አሰላለፉን ቀየረ። ከዚያ በፊት እኔን ሲጫወት አቁሞ አያውቅም።