ክሬም የሴት ነው ያለ ወንድ በፊቱ ላይ የሚፈጽማቸው ስህተቶች

ቅባት መቀባት ሴትነት፣ ሕመምን መቻል ደግሞ ወንድነት ተደርጎ ሲታሰብ፣ ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው አገጭና አንገት ላይ ነው።

እስከ ሥሩ መላጨት

ከርዳዳ ጢም ከቆዳ በታች ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግም ተጠምዝዞ መልሶ ቆዳውን ይወጋል። ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ስለሚዋጋው ያብጣል። ብዙዎች ቡጉር መስሏቸው ያፈርጡታል፤ ያኔ የሚተወው ጥቁር ነጠብጣብ ይብሳል። ምላጭ የግድ ከሆነ ፊትን ለ3 ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውሃ ማራስ፣ የመላጫ አረፋ ወይም ጄል መቀባት፣ ከዚያ ቆዳውን ሳይወጥሩ ጢሙ በበቀለበት አቅጣጫ መላጨት ነው። አንዱን ቦታ አይመላለሱበት። የተሻለው ግን በማሽን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ማስቀረት ነው። እብጠቱ ከጀመረ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ምላጭ ይቁም፤ ጢም ማሳደግ መቼም ወንድነትን አይቀንስም።

«ካላቃጠለ አልጸዳም» ማለት

ፀጉር ቤት ውስጥ ከተላጩ በኋላ የሚረጨው አልኮል የተፋቀ ቆዳን ያደርቃል፣ ያስቆጣል። አልኮሉ በደንብ የሚያስፈልገው ለማሽኑ ጥርስ ነው፤ ለፊት ቀዝቃዛ ውሃና ሽታ የሌለው ሎሽን ይበቃል።

ተደብቆ መቀባት

የሚያፍር ሰው አይጠይቅም። የእህቱን ወይም የሚስቱን ክሬም አንስቶ ይቀባል፤ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ይኑርበት አይኑርበት አያነብም። እነዚህ ስቴሮይድ የሚባሉ የቆዳ ቁጣን የሚያበርዱ መድኃኒቶች መጀመሪያ እብጠቱን ያጠፋሉ፣ ፊቱንም ያጠራሉ፤ ስለዚህ ያምናቸዋል። ለሳምንታት ሲቀጥል ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ቡጉር ይፈላል። በድንገት ሲያቆም ደግሞ ፊቱ በርበሬ ይመስላል። ለረጅም ጊዜ የቀባ ሰው እንዴት እንደሚያቆም ከቆዳ ሐኪም ጋር ይነጋገር።

«ጥቁርን ፀሐይ አይነካውም» ማለት

አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የመላጨት ጥቁረትም በፀሐይ ይቆያል። ኤስ ፒ ኤፍ (የመከላከል አቅም መለኪያ) 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በሁለት ጣት ርዝመት ልክ አውጥቶ ፊትንና አንገትን መቀባት፣ ውጭ የሚውል ደግሞ በየ2 ሰዓቱ መድገም ነው።

ሐኪም ቤት መሄድን ማዘግየት

ቦብ ማርሌይ በ1977 እ.ኤ.አ. በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር ሜላኖማ የተባለ አደገኛ የቆዳ ካንሰር ተገኘበት፤ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። በጥቁር ሰው ብዙ ጥፍሮች ላይ ጥቁር መስመር መታየቱ የተለመደ ነው። በአንድ ጥፍር ብቻ ወጥቶ የሚሰፋ ወይም ወደ ዙሪያው ቆዳ የሚሻገር ከሆነ፣ አልያም ውስጥ እግር ላይ የማይድን ቁስል ካለ፣ በዚያው ሳምንት ለቆዳ ሐኪም ይታይ።