ስለ ሕንድና ቻይና ንግድ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ታላቋ ልጄ ጉሮሮዋን ታማ አሞክሳሲሊን ታዘዘላት። ካርቶኑን ገልበጥ አድርጌ ሳየው «በሕንድ የተሠራ» ይላል። ፋርማሲስት ለሆነ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው፣ «እንክብሉ የታሸገው ሕንድ ነው፤ የውስጡ ዱቄት መነሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቻይና ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሁለቱ አገሮች የሚወራውን በጥሞና እሰማለሁ። ወሬው ሁሌም ሁለት ዓይነት ነው። ወይ «ተጣሉ» ነው፣ ወይ «ታረቁ» ነው። ሕንድና ቻይና ግን አንዱ ሌላውን እየተከላከለ ነው አብረው የሚሠሩት። ይህን ስንዘነጋ የምንሠራቸው ስህተቶች አሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲጣሉ ንግዱም ይቆማል ብሎ ማሰብ

ጁን 2020 ላይ በሂማላያ ተራሮች፣ ጋልዋን ሸለቆ ውስጥ የሁለቱ አገሮች ወታደሮች ተጋጩ። 20 የሕንድ ወታደሮች ሞቱ። ቻይናም በኋላ 4 ወታደሮቿ መሞታቸውን ተናገረች። ሕንድ በዚያው ወር ቲክቶክን ጨምሮ 59 የቻይና መተግበሪያዎችን አገደች። የቻይና ገንዘብ ያለ መንግሥት ፈቃድ ኢንቨስት እንዳይደረግ ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ደንብ ወጥቶ ነበር። የቻይና ቴሌቪዥናቸውን ከፎቅ የወረወሩ ሰዎች ነበሩ። አገሮቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

አሁን ቁጥሩን እንይ። የሕንድ የበጀት ዓመት ከኤፕሪል እስከ ማርች ነው። ከግጭቱ በፊት በነበረው ዓመት ሕንድ ከቻይና ያስገባችው ዕቃ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ግጭቱ በተፈጠረበት ዓመትም ያው 65 ቢሊዮን አካባቢ ነው። በቀጣዩ ዓመት ከ94 ቢሊዮን አለፈ። በ2024/25 ደግሞ 113 ቢሊዮን ደረሰ። ንዴቱ እውነተኛ ነበር። የሕንድ ፋብሪካዎች ግን የሚሠሩት በቻይና ሞተር፣ በቻይና ኬሚካልና በቻይና የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። ያንን ከሌላ ቦታ በአንድ ሌሊት ማምጣት አይቻልም።

የንግድ ጉድለትን ኪሳራ ብሎ ማንበብ

በዚያው በ2024/25 ሕንድ ለቻይና የሸጠችው 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ጉድለቱ ወደ 99 ቢሊዮን ማለት ነው። «ሕንድ 99 ቢሊዮን ከሰረች» የሚል ነገር ስታነቡ ቆም በሉ። ከሚገባው ውስጥ ብዙው የፋብሪካ ግብዓት ነው። ሕንድ ውስጥ ተገጣጥሞ ወደ አሜሪካ የሚላከው ስልክ ውስጥ የቻይና ክፍሎች አሉበት።

ይህ ማለት ግን ሕንዶች የሚያሰሙት ቅሬታ ውሃ አያነሳም ማለት አይደለም። መድኃኒታቸውና የሶፍትዌር አገልግሎታቸው የቻይናን ገበያ በቀላሉ እንደማያገኝ ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። እኔም በዚህ ከእነሱ ጋር ነኝ። የሚያሳስበው የጉድለቱ መጠን ሳይሆን ሌላ አማራጭ የሌለው ዕቃ ከአንድ አገር ብቻ ሲመጣ ነው።

ቀረጥ ከተጫነ ፋብሪካው ይመለሳል ብሎ መጠበቅ

ወደ ልጄ መድኃኒት ልመለስ። ታሪኩ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ልቤን የሚነካው እዚህ ላይ ነው።

አሞክሳሲሊን የሚሠራው ከፔኒሲሊን ነው። ሕንድ ፔኒሲሊን ማምረት የጀመረችው ደግሞ ገና ድሮ ነው። በ1954 ፑኔ ከተማ አጠገብ ፒምፕሪ በተባለ ቦታ፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ እገዛ የመንግሥት ፋብሪካ ተቋቋመ። ሂንዱስታን አንቲባዮቲክስ ይባላል። በኋላ የግል ፋብሪካዎችም ተከተሉ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ገበያው ሲከፈት የቻይና ፔኒሲሊን በርካሽ ገባ። የሕንድ አምራቾች ዋጋውን መቋቋም አቃታቸው፤ አንድ በአንድ ማምረት አቆሙ። ያኔ ብዙ ሰው አልከፋውም። መድኃኒት ረክሷልና።

ፔኒሲሊን የሚሠራው እንደ ጠላና ጠጅ በመብላላት ነው። በትልልቅ ጋኖች ውስጥ ሻጋታ ስኳር እየተመገበ ያድጋል። ሙቀቱ ቀንና ሌሊት መጠበቅ አለበት። መብራት መጥፋት የለበትም። ሌላ ተህዋስ ከገባ የጋኑ ሙሉ ምርት ይደፋል። ይህን በእጁ የሚያውቅ ባለሙያ ሌላ ሥራ ከያዘ በኋላ ቀረጥ ብቻውን መልሶ አያመጣውም።

ስለዚህ ሕንድ በ2020 ሌላ መንገድ ሞከረች። ለመድኃኒት ጥሬ ዕቃ አምራቾች 69.4 ቢሊዮን ሩፒ የማበረታቻ ገንዘብ መደበች። ገንዘቡ የሚከፈለው አምርተው ለሸጡ ነው። ኦሮቢንዶ የተባለው ኩባንያ በምሥራቁ ጠረፍ፣ ካኪናዳ አካባቢ ፋብሪካ ሠርቶ በ2024 ፔኒሲሊን ማምረት ጀመረ። ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጥሬ ዕቃውን የሚያመርተው የሕንድ ኩባንያ ከቻይና ርካሹ እንዳይገባበት ይፈልጋል። ያንኑ ጥሬ ዕቃ ገዝቶ እንክብል የሚሠራው ትንሹ የሕንድ ፋብሪካ ደግሞ ዋጋ እንዳይጨምርበት ይጮኻል። ሁለቱም ሕንዳዊ ናቸው። «ሕንድ ቻይና ላይ ቀረጥ ጣለች» የሚል ዜና ስትሰሙ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፤ ዕቃው ያለቀለት ነው ወይስ ግብዓት? ግብዓት ከሆነ ከፋዩ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ነው። ዞሮ ዞሮ መድኃኒቱን ከሕንድ የምንገዛው እኛም ጋ ይደርሳል።

ቀረጥ ቻይናን ያስወጣል ብሎ መደምደም

ሕንድ በ2018 ከውጭ በሚገባ ሞባይል ላይ ቀረጡን 20 በመቶ አደረሰች። ታዲያ የቻይናዎቹ ስልክ አምራቾች ሻውሚ፣ ኦፖና ቪቮ ገበያውን ጥለው ወጡ? አልወጡም። እዚያው ሕንድ ውስጥ ማስገጣጠሙን አጠናከሩት። ቴክኖን የሚሠራው የቻይናው ትራንሽን ኩባንያም ዴልሂ አጠገብ ኖይዳ ላይ ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። ትራንሽን እኛም አገር ከ2011 ጀምሮ ስልክ ይገጣጥማል፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አጥሩ ያለቀውን ስልክ ከለከለ እንጂ ኩባንያውንና መለዋወጫውን አስገባ። ሥራ ተፈጠረ። ዋናው ክፍል ግን አሁንም በኮንቴነር ነው የሚመጣው። በጁላይ 2024 ሕንድ ራሷ ቀረጡን ወደ 15 በመቶ ዝቅ አደረገችው።

መከላከያ ማለት ቀረጥ ብቻ ነው ማለት

ብዙው መከላከያ ቀረጥ አይባልም። የጥራት ምስክር ወረቀት አለ። ለቴክኒሻን የሚከለከል ቪዛ አለ። ከዋጋ በታች ተራግፏል በተባለ ዕቃ ላይ፣ ተጣርቶ የሚጣል የፀረ ደምፒንግ ቀረጥም አለ። ሕንድ በዚህ በዓለም ግንባር ቀደም ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት፤ አብዛኛው ያነጣጠረውም ቻይና ላይ ነው።

ሌላው የሚረሳው ደግሞ አለመሸጥም መከላከያ መሆኑ ነው። ሕንድ በሴፕቴምበር 2022 ስባሪ ሩዝ እንዳይወጣ ስትከለክል ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዷ ቻይና ነበረች። ቻይና በኤፕሪል 2025 የብርቅዬ ማዕድናትን ወጪ ንግድ ስትቆጣጠር የሕንድ መኪና አምራቾች ከእነዚሁ ማዕድናት የሚሠራ ማግኔት አጠራቸው። በዚያው ዓመት ኦገስት የቻይናው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዋንግ ዪ ዴልሂ ሲመጡ ከተነሱት ጉዳዮች መካከል ማዳበሪያ፣ ብርቅዬ ማዕድናትና የዋሻ መቆፈሪያ ማሽን ነበሩ። ያኔ ሕንድ በአሜሪካ የ50 በመቶ ታሪፍ ተወጥራ ነበር። በወሩ መጨረሻ የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ቻይና፣ ቲያንጂን ከተማ ሄዱ። ኦክቶበር ላይ ለ5 ዓመት ተቋርጦ የነበረው ቀጥታ በረራ ተጀመረ።

ብሪክስን የነፃ ንግድ ቀጠና ማድረግ

ይህን ስህተት ከእኛ ሰው በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሕንድና ቻይና ያሉበት የአገሮች ስብስብ፣ የብሪክስ አባል ናት፤ «እንግዲህ ከሕንድና ከቻይና ያለ ቀረጥ እናስገባለን» የሚል አስመጪ አጋጥሞኛል። ብሪክስ የቀረጥ ስምምነት የለውም። ሕንድና ቻይና ራሳቸው በመካከላቸው ነፃ ንግድ የላቸውም። ሕንድ በኖቬምበር 2019 ቻይና ያለችበትን የእስያ ትልቅ የንግድ ስምምነት ድርድር ጥላ ወጥታለች፤ 15 አገሮች ያለ እሷ በ2020 ፈረሙት። የትብብሩ ፍሬ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። የብሪክስ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤቱ ሻንጋይ ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ደግሞ ሕንዳዊ ነበሩ።

ላኪ ከሆናችሁ ግን የምትጠቀሙበት ነገር አለ። ቻይና ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ካላቸው በጣም ያላደጉ አገሮች የሚመጣ ዕቃን ሁሉ ከቀረጥ ነፃ አድርጋለች። ሕንድም ለእነዚሁ አገሮች በ2008 የጀመረችው ተመሳሳይ ዕድል አላት። ኢትዮጵያ ይህን የምታገኘው በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስላለች ነው፤ ከብሪክስ ጋር አይገናኝም። ሰሊጣችሁን ከመጫናችሁ በፊት ዕቃው የኢትዮጵያ መሆኑን የሚያረጋግጠውን የስሪት አገር ምስክር ወረቀት አውጡ። ያለሱ ገዢያችሁ እዚያ ወደብ ላይ ሙሉ ቀረጥ ሊጠየቅ ይችላል።