የኦቶካድ ኤክስሬፍና ብሎክ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ኤክስሬፍ ማለት አንድ የኦቶካድ ስዕል ፋይል (ለምሳሌ ፕላኑ) ሌላ ፋይል ውስጥ በአድራሻው ተጠርቶ ሲታይ ነው። የሚጠራውን፣ ለህትመት የሚዘጋጀውን ፋይል ሺት እለዋለሁ።

ምልክት፦ ፕላኑን አስተካክላችሁ ሴቭ አድርጋችኋል፤ ሺቱን ስትከፍቱት ግን የድሮው ግድግዳ እዚያው ቆሟል። ሪሎድ ብትሉትም ያው ነው። የስህተት መልእክትም የለም።

ከሁሉም ችግር አብልጬ የማየው ይሄንን ነው። ፋይሉ ሲጠፋ ኦቶካድ "አልተገኘም" ብሎ ይነግራችኋል፤ የተሳሳተ ፋይል ሲያገኝ ግን ዝም ይላል።

ምክንያት፦ ሺቱ የያዘው የፕላኑን አድራሻ ብቻ ነው። አድራሻው ፉል ፓዝ ከሆነ ከድራይቩ ፊደል ጀምሮ ተጽፏል። ያለፈውን ፕሮጀክት ፎልደር ኮፒ አድርጋችሁ ስሙን ብትቀይሩት አድራሻው አብሮ አይቀየርም፤ አዲሱ ሺት የሚያሳያችሁ የድሮውን ፎልደር ፕላን ነው።

አንድ ቢሮ ውስጥ የጂ+4 ፎልደር ኮፒ ተደርጎ የጂ+7 ሥራ ተጀመረ። ልጁ አዲሱን ሺት ከፈተ፣ ፕላኑ ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርጎ ሬፍኤዲት (ከሺቱ ሳይወጡ ኤክስሬፉን ማረሚያ ትዕዛዝ) ውስጥ ገባ፣ ደረጃውን አዛውሮ ሴቭ አለ። ሬፍኤዲት የሚጽፈው አድራሻው ወደሚጠቁመው ፋይል ነው። ፈቃድ ያገኘው፣ ሳይት ላይ አርማታ እየተሞላለት ያለው የጂ+4 ፕላን ተለወጠ። ያወቅነው ሳይቱ ተጨማሪ ኮፒ ጠይቆ ደረጃው ከኮለኑ ጋር አልገጥም ሲል ነው። ፕላኑን የመለስነው የታተመው ወረቀት ላይ በስኬል እየለካን ነው።

የተሳሳተ ፋይል የሚገባበት ሌላው መንገድ ቴሌግራም ነው። አድራሻው ካልሠራ ኦቶካድ ሺቱ ያለበትን ፎልደርም ይፈልጋል፤ ስሙ የገጠመለትን ያነሳል። ዳውንሎድ ውስጥ ባለፈው ወር የተላከ "ፕላን" ካለ፣ ዛሬ የመጣው ከስሙ ኋላ ቁጥር ተለጥፎበት ይቀመጣል። ሺቱ የሚያነሳው ያለፈውን ወር ነው፤ ማተሚያ ቤትም የሚሄደው እሱ ነው።

መፍትሄ፦ የኤክስሬፍ ሰሌዳውን ክፈቱ፣ ፋይሉን ምረጡ፣ ከታች ሴቭድ ፓዝ (የተጻፈው አድራሻ) እና ፋውንድ አት (ፋይሉ በእርግጥ የተገኘበት) የሚሉትን ሁለት መስመሮች እስከ ፎልደሩ ስም ድረስ አንብቡ። ካልተስማሙ ወይም ሁለቱም የድሮውን ፎልደር ከጠቆሙ ሴሌክት ኒው ፓዝ ብላችሁ ትክክለኛውን ስጡት፤ ከዚያ ቼንጅ ፓዝ ታይፕ፣ ሜክ ሪሌቲቭ በሉት፤ አድራሻው ከድራይቩ ፊደል ሳይሆን ሺቱ ካለበት ፎልደር ተነስቶ ይጻፋል። ከ2018 እትም ወዲህ አዲስ ኤክስሬፍ በራሱ በሪሌቲቭ ይገባል፤ ቀድሞ በፉል ፓዝ የገባው ግን እንደነበረ ይቀራል። ሪሌቲቭ ከአንድ ድራይቭ ወደ ሌላ አይሻገርም፤ ስለዚህ ሺቱን ኮምፒውተር ላይ፣ ፕላኑን ፍላሽ ላይ አታስቀምጡ።

ፋውንድ አትን ሳታነቡ ሬፍኤዲት አትክፈቱ። ፈቃድ ያገኘ ፕላን ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤዲት የሚባለውን ቅንብር 0 አድርጉትና ሴቭ አድርጉ፤ ከሌላ ሺት ሆኖ ማንም በሬፍኤዲት ሊነካው አይችልም። ለሰው ስትልኩም ሺቱን ብቻ አትላኩ። ኢትራንስሚት የሚባለው ትዕዛዝ ሺቱንም ኤክስሬፎቹንም ሰብስቦ በአንድ ዚፕ ያወጣላችኋል። ይህን ሳያደርጉ "እኔ ጋ ይከፈታል" የሚሉ ሰዎች የሌላውን ሰው ሌሊት ነው የሚበሉት።

ኤክስሬፉ 1000 ጊዜ አድጎ ወይም አንሶ ከገባ የሁለቱ ፋይሎች ኢንስዩኒትስ (የመለኪያ አሃድ ቅንብር) አልተስማማም፦ 4 ሚሊሜትር፣ 6 ሜትር ነው። በሁለቱም ፋይል የተሳለበትን አሃድ ስጡት። በስኬል አታስተካክሉት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ኤክስሬፍ አይገጥምላችሁም።

ከሌላ ፋይል የለጠፋችሁት መስኮት መልኩን ቀይሮ ከመጣ፣ በዚያው ስም ሌላ ብሎክ (በአንድ ስም ተጠቅልሎ ደጋግሞ የሚገባ ስዕል) አለ ማለት ነው። የሚያሸንፈው የተቀባዩ ፋይል ብሎክ ነው። ከመቅዳታችሁ በፊት ሪኔም አድርጉ። ደብሊው1 የሚባል መስኮት የሌለው ቢሮ አላየሁም፤ ስም ስትሰጡ የፕሮጀክቱን መለያ ጨምሩበት።

ብሎኩ የተቀመጠበትን ሌየር (የስዕል ንብርብር) ቀለም አልከተል ካለ በቢኤዲት (የብሎክ ማረሚያ) ግቡና ዕቃዎቹን ወደ ሌየር 0፣ ቀለማቸውን ወደ ባይሌየር መልሱ።

የጨመራችሁት አትሪቢዩት (ብሎክ ውስጥ የሚሞላ ጽሑፍ) በቆዩት ብሎኮች ላይ ካልታየ አትሲንክ የሚለውን ትዕዛዝ ስጡ፤ ግን በእጅ ያስተካከላችሁትን የጽሑፍ ቦታና መጠን ይደመስሳል።