የድሮ ቮልስ ካርቡራተርን በቤት ውስጥ ፈትቶ ማደስ

የድሮ ቮልስ ጠዋት አልነሳም ሲል፣ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ሲንገጫገጭ ወይም ጥቁር ጭስ ሲተፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ካርቡራተር ነው። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ትክክል ቢሆንም ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ለካንዴላዎቹ እሳት በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለው የኮንታክት ክፍተት ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካንዴላዎቹንም አውጥተው ይመልከቱ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጥፋቱ የዲስትሪቢዩተሩ ኮንዴንሰር ሆኖ ሳለ ያንኑ ካርቡራተር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜያለሁ።

እዚህ የምገልጸው ሶሌክስ 34 ፒክት 3 የሚባለውን ካርቡራተር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ በብዙ ባለ 1600 ሲሲ የቮልስ ሞተሮች ላይ የተገጠመው ይኸው ሲሆን፣ 34 የሚለው ቁጥር የሞተሩን አየር የምትከፍተውና የምትዘጋው ክብ ሳህን፣ ማለትም ቢራቢሮዋ፣ የምትገኝበትን ጉሮሮ ስፋት በሚሊ ሜትር ያመለክታል። በእድሜ ከፍ ያሉት 28 እና 30 ቁጥሮች አሠራራቸው ተቀራራቢ ቢሆንም የሚኒሞ አስተካከላቸው ይለያል፤ ስለዚህ መለዋወጫ ከመግዛትዎ በፊት ቤንዚን በሚጠራቀምበት ገንዳ ጎን ላይ የታተመውን ስም ያንብቡ። የማደሻው ኪት ከጥቂት የወረቀት ጓርኒሲዮኖች (የመጋጠሚያ ማሸጊያዎች)፣ ከአንድ የጎማ ዲያፍራም፣ ከአንድ የቤንዚን መርፌ ቫልቭና ከትንንሽ ሮንዴላዎች የዘለለ ነገር የለውም። አንዱ ኪት ለብዙ ሞዴሎች ተብሎ ስለሚታሸግ ሥራው ሲያልቅ የሚተርፍ ጓርኒሲዮን ቢኖር አይደናገጡ፤ ነገር ግን አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ቀዳዳ በቀዳዳ ሳያስተያዩ አንዱንም አይጣሉ። አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ የሚሄድ ሰው አሮጌውን መርፌ ቫልቭ በኪሱ ይዞ ቢሄድ ይበጀዋል።

የሥራው ቦታ አየር የሚዘዋወርበትና ከእሳት የራቀ መሆን አለበት። በረንዳ ላይ እየሠሩ ሳለ ከዚያው ጥግ ቡና ለማፍላት ከሰል የሚቀጣጠል ከሆነ፣ ወይ ቡናው ወይ ካርቡራተሩ ቦታ መቀየር ይኖርበታል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየሳበ ከእሳቱ ይደርሳል። ከ13 እና ከ14 ቁጥር መፍቻ፣ አፋቸው ካልተበላ ሁለት ካቻቢቴዎች እና ከፒንሳ በቀር የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠርዙ ከፍ ያለ ነጭ ትሪ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ከዚህ ካርቡራተር የሚወድቁት ነገሮች ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ስለሆኑ በሲሚንቶ ወለል ላይ አንዴ ከተንከባለሉ አይገኙም።

ማውረዱ ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ያላቁ፤ ከዚያም የአየር ማጣሪያውን፣ ውስጡ ዘይት ያለበት ዓይነት ከሆነ ሳያዘነብሉ ያንሱ። የቤንዚኑን ቱቦ ነቅለው አፉን በንጹሕ ብሎን ይወትፉ፤ ሁለቱን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ የቫኪዩም ቱቦውን እና የቤንዚን መስጫውን ገመድ ያላቁ። ከሥር የያዙትን ሁለት ዳዶዎች በ13 ቁጥር መፍቻ ሲፈቱ የኋለኛው እጅ አያስገባም፤ ሩብ በሩብ ዙር ከመታገሥ በቀር ዘዴ የለውም። ካርቡራተሩ እንደተነሣ ወዲያውኑ የተከፈተውን የሞተር አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑት፤ በዚያ በኩል የገባ ሮንዴላ ሲሊንደር ውስጥ ደርሶ ሞተር ያስፈታል።

ክዳኑን የያዙትን አምስት ብሎኖች ፈትተው ሲያነሱት የቤንዚኑን ገንዳ ያያሉ። ከመጠረጉ በፊት የገንዳውን ወለል ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ቀይ ዱቄት የሚመስል ዝቃጭ የነዳጅ ታንኩ ውስጡ መዛጉን የሚናገር ሲሆን፣ ያ ሳይፈታ የሚታደስ ካርቡራተር በሁለት ወር ተመልሶ ይደፈናል። ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ መርፌ ቫልቩን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ አውጥተው ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ተሰንጥቋልና በአዲስ ይተኩት። መርፌ ቫልቩ ከክዳኑ ሥር በ14 ቁጥር መፍቻ ይፈታል፤ ከሥሩ ያለችው ሮንዴላ ውፍረቷ የቤንዚኑን ከፍታ የምትወስን ስለሆነች ለብቻዋ ያስቀምጧት። ወፍራም ሮንዴላ ቫልቩን ወደ ተንሳፋፊው ስለሚያወርደው ቤንዚኑን ቶሎ ይዘጋል፣ ከፍታውም ይቀንሳል፤ ስስ ሮንዴላ ደግሞ ከፍታውን ይጨምራል።

ቀጥሎ ጄት የሚባሉት፣ ቤንዚኑንና አየሩን በልክ የሚያሳልፉ ባለ ቀዳዳ ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች ይወጣሉ። ዋናው ጄት በገንዳው ጎን ካለው ትልቅ መዝጊያ ብሎን ጀርባ ተቀምጧል፤ የሚኒሞው ጄት ቤንዚን ሲረገጥ ተጨማሪ ቤንዚን በሚረጨው የማፍጠኛ ፓምፕ በኩል፣ የአየሩ ጄት ደግሞ ከላይ በጉሮሮው አጠገብ ይገኛል። ነሐስ ለስላሳ ነው። የካቻቢቴው አፍ ከጄቱ ሽንትር ጋር በስፋትም በውፍረትም ካልገጠመ ሽንትሩ ይላጫል፤ ከተላጨ በኋላ ያለው አማራጭ መሰርሰር ብቻ ነው። እምቢ ካለዎት የብረቱን አካል በፈላ ውሃ አሙቀው ይሞክሩት፤ በመዶሻ ግን አይሞክሩ፣ አካሉ የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱን ጄት ሲያወጡ የታተመበትን ቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ በእነዚህ መኪኖች ዕድሜ ውስጥ ብዙ እጅ ስላለፈ በውስጡ ያገኙት ጄት ፋብሪካው ያስገባው ላይሆን ይችላል።

አራቱን የማፍጠኛ ፓምፕ ብሎኖች ሲፈቱ ክዳኑን በአውራ ጣትዎ ተጭነው ይያዙት፤ ከዲያፍራሙ ጀርባ ያለችው ሞላ ተወርውራ ትወጣለች። ዲያፍራሙን ወደ ብርሃን ይያዙት። የደረቀ፣ የተጨማደደ ወይም እንደ መርፌ ጫፍ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ቤንዚን ሲረገጥ መኪናው ለአፍታ የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። የቾኩን (ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ አየሩን የሚያጠበውን ክፍል) ጥምዝ ሞላ የያዘውን ክብ ሽፋን ከመፍታትዎ በፊት ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በሚስማር ጭረው ምልክት ያድርጉበት።

የዚህ ሥራ ዋናው ክፍል በዓይን የማይታየው ነው። ሰው ውጪውን እስኪያብረቀርቅ ይፈገፍጋል፤ መኪናው ግን ለውጪው ግድ የለውም። ካርቡራተሩን የሚያሳምመው በብረቱ ውስጥ ለውስጥ የተበሱት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ላይ የደረቀው ቤንዚን ነው፤ ይህ ደግሞ ሙጫ መሰል ቡናማ ቅርፊት ሆኖ ስለሚጣበቅ በውሃና በሳሙና አይለቅም። ጎማና ፕላስቲክ የሆነውን ሁሉ ካወጡ በኋላ አካሉን በካርቡራተር ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ነክረው ያሳድሩት፤ ማጽጃው ካልተገኘ ቲነር ይሠራል፣ ነገር ግን በእጅ ጓንት ይሁን። ኮስቲክ ሶዳና አሲድ አያስነኩት፤ የዚንኩን ቅይጥ ይበሉታል። በማግሥቱ በኮምፕሬሰር አየር እያንዳንዱን ቀዳዳ ይንፉ፤ በሚነፉበት ጊዜ አየሩ በየት በኩል እንደሚወጣ በጣትዎ እየዳበሱ ይከተሉት። በሚኒሞው ጄት ማስቀመጫ የገባ አየር በጉሮሮው ግድግዳ ላይ ከቢራቢሮዋ አጠገብ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ተመልሶ ይነከራል። ጄቶቹን በሽቦ አይውጉ። ቁጥራቸው የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚናገር ነው፤ 127.5 ማለት 1.275 ሚሊ ሜትር ማለት ስለሆነ አንድ ጊዜ የገባ የብረት ሽቦ ልኩን ያበላሸዋል። የናይሎን ክር ይበቃል።

ከመግጠምዎ በፊት ኪቱ የማያድናቸውን ሁለት ነገሮች ይመርምሩ። የመጀመሪያው የቢራቢሮዋ ዘንግ ነው። ጫፉን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱት የሚጫወት ከሆነ አየር በዘንጉ ዙሪያ ሾልኮ ይገባል፣ ሚኒሞውም በምንም ብሎን አይረጋም፤ ይህ ቶርኖ ቤት ተወስዶ አዲስ የነሐስ ቡሽ ሊሠራለት የሚገባ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ቤንዚን የሚገባባት፣ በክዳኑ ላይ ተጠቅጥቃ ብቻ የቆመችው የነሐስ ቱቦ ናት። በእጅዎ ሲያዞሯት ከተንቀሳቀሰች ካርቡራተሩን አይግጠሙት። በመንገድ ላይ ብትወጣ ፓምፑ ቤንዚኑን በቀጥታ በጋለ ሞተር ላይ ይረጨዋል፤ ብዙ ቮልስ የተቃጠለውም በዚህ ነው። ቶርኖ ቤት ጥርስ አውጥቶላት በብሎን መልክ ሊያስራት ይችላል። በዚሁ ምክንያት የፕላስቲክ ቤንዚን ማጣሪያ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ተንጠልጥሎ ቱቦዋን እንዲጎትት አያድርጉ፤ ቦታው ከመኪናው ሥር ነው።

መግጠሙ የመፍታቱ ተገላቢጦሽ ነውና አላንዛዛውም። አዲሱን መርፌ ቫልቭ ካሰሩ በኋላ ክዳኑን ገልብጠው መርፌዋን በጣትዎ ቀስ አድርገው ይጫኑና በቤንዚን ቱቦው በአፍዎ ይንፉ፤ ትንፋሽ ካሳለፈች አዲስም ብትሆን አትረባም። የወረቀት ጓርኒሲዮን ላይ ሲሊኮን አይቀቡ፤ የተረፈው ተቆርሶ ጄት ይደፍናል። ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ገንዳው ውስጥ ጥቂት ቤንዚን ጨምረው የቢራቢሮዋን እጀታ ይሳቡ፤ ከማፍጠኛው ፓምፕ ቀጭን ያልተቆራረጠ ቤንዚን ወጥቶ ግድግዳ ሳይነካ በተከፈተችው ቢራቢሮ አጠገብ ወደ ታች መውረድ አለበት። ከሥር ያሉትን ሁለት ዳዶዎች ተራ በተራ ያጥብቁ እንጂ በጉልበት አይዝጉ፤ የካርቡራተሩ ጆሮዎች ይጎብጡና አየር ያስገባሉ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የሚኒሞ ማስተካከል ይመጣል። በግራ በኩል አንድ ትልቅና አንዲት ትንሽ ብሎን አሉ። ትልቁ ፍጥነቱን፣ ትንሿ የቤንዚንና የአየሩን ድብልቅ ይቆጣጠራሉ። በቤንዚን መስጫው እጀታ ላይ ያለችው ሦስተኛዋ ብሎን ግን ሚኒሞ መጨመሪያ አይደለችም፤ በቾኩ መወጣጫ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ነክታ ሩብ ዙር ብቻ መግባት ይኖርባታል። በእሷ ሚኒሞ የሚጨምር ሰው ቢራቢሮዋን ስለሚከፍታት ሞተሩ በሌላ ቀዳዳ ቤንዚን መሳብ ይጀምራል፣ ሁለቱ ብሎኖችም ሥራ ፈት ይሆናሉ። ሁለቱን ብሎኖች ቀስ አድርገው እስኪነኩ ካስገቡ በኋላ ሁለት ተኩል ዙር ያውጧቸው፤ ሞተሩን አስነስተው ቾኩ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ያሙቁት። በትልቁ ብሎን ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 850 ዙር ያምጡት፤ ከዚያ ትንሿን እያዞሩ ሞተሩ በጣም የሚፈጥንበትን ነጥብ ይፈልጉ፤ ሲያገኙት የሞተሩ ፍጥነት በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ዙር እስኪቀንስ ብሎኗን መልሰው ያስገቧት፤ በመጨረሻም በትልቁ 850 ላይ ይመልሱት። ትንሿ ብሎን ብትዞርም ምንም ለውጥ ካላመጣች የሚኒሞው መተላለፊያ አልጸዳም ወይም የሚኒሞውን ቤንዚን የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ቫልቭ አልተከፈተም ማለት ነው። ቁልፍ ሲከፈት ከቫልቩ ቀጭ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት።

አሁን መኪናው በደንብ ሊሠራ ይችላል፤ ለባሕር ጠለል ተብሎ የተለካ ጄት ከያዘ ግን አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ካርቡራተሩ ደግሞ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ውጤቱ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ካንዴላ፣ እንጦጦ ሲወጣ የሚታፈን ሞተር እና ባለቤቱ የሚማረርበት የቤንዚን ወጪ ነው። በእኔ መኪና ላይ 127.5 የነበረውን ዋናውን ጄት በ120 ተክቻለሁ፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነድቼ ካንዴላውን ሳወጣው ጫፉ የተቆላ ገብስ መልክ ይዞ አገኘሁት፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። ነጭ ሆኖ ከወጣ ጄቱ ጠቧልና በአንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉት፤ በቂ ቤንዚን የማያገኝ ሞተር ይግላል፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ሙቀት አይችልም። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ቆላ የሚወርድ ሰው ትልቁን ጄት መመለስ ይኖርበታል። እኔ 127.5ቷን በክብሪት ቀፎ ውስጥ በጥጥ ጠቅልዬ ከካቻቢቴው ጋር መኪናው ውስጥ አስቀምጫታለሁ፤ ጄቷ በገንዳው ጎን ባለው መዝጊያ በኩል ስለምትወጣ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ካርቡራተሩን ሳላወርድ እቀይራታለሁ።